ሞተሩ እስኪበርድ

ሲስተር ብርቄ መኪና ገዛች ሲባል ንፋስ መውጫ ላይ ያላመነው ሰው ብዙ ነበር። ያመነውም ቢሆን «ማን ሊነዳላት?» ብሎ ጠየቀ። ሃምሳ ዓመት የደፈነች፣ ልጆቿን ድራ ኩላ የጨረሰች ሴት መሪ ትጨብጣለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ታቦር እየተመላለሰች ተምራ፣ ፈተናውን አልፋ፣ መንጃ ፈቃዷን ከመታወቂያዋ ጋር በቦርሳዋ ካኖረችው ሰንብታለች። ለባሏ ለመሪጌታ ክንዱ እንኳ የነገረቻቸው ካለፈች በኋላ ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠና አለብኝ ስትይኝ የከረምሽው ይኼን ነው?» አሏት።

«ታዲያ ይኼ ሥልጠና አይደለም?»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው። የዜማ መምህር ናቸው፤ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ተማሪ ከብቧቸው ይውላል። በሰው ፊት «መሪጌታ» እያለች አንቱ ትላቸዋለች፤ በሩ ሲዘጋ ግን «ክንድዬ» ናቸው።

ብርቄ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ወደ ወገዳ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል በምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ ነው። ቤቷ ላይ፣ ሥራዋ ታች። ጠዋት መውረድ፣ ማታ መውጣት። ለዓመታት የተመላለሰችው ባገኘችው ነው፤ በጭነት መኪና ከእህል ጆንያ ጋር፣ በሚኒባስ ባንድ ወንበር ከሦስት ሰው ጋር ተጣብቃ፣ በባጃጅም ዳገቱ መሃል ላይ «ውረዱና ግፉ» ስትባል እየገፋች። አንድ ቀን ከገበያ በሚመለስ ፒካፕ ላይ ከዶሮ ነጋዴዎች ጋር ወርዳ፣ ሹሩባዋ ውስጥ ላባ ተሰክቶ ማዋለጃ ክፍል ብትገባ፣ ምጥ የያዛት ሴት ሕመሟን ረስታ ሳቀችባት።

«መኪና ለመግዛት የቆረጥኩት ያን ዕለት ነው» ትላለች ብርቄ። «ሴትዮዋ ስትስቅ ወለደች። እኔ ግን ላባው አናደደኝ።»

የገዛቻት መኪና ነጭ፣ አሮጌ፣ በብዙ እጅ ያለፈች አውቶሞቢል ናት። አይቶ የመረጠላት እንየው የሚባል የከተማው መካኒክ ነው። እንየው ቁልፉን ሲያስረክባት አንድ ነገር ነገራት፤

«ሲስተር፣ መኪና እንደ ነፍሰ ጡር ናት። ክትትል ነው የምትፈልገው። ምጥ ሲመጣ ብቻ ቢሯሯጡላት ዋጋ የለውም።»

ይህ አባባል ለብርቄ በቀጥታ ገባት። ስንቷን ሴት «ሳያምሽ ነይ» ስትል የኖረች ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ኮፈኑን ከፍታ ትመረምራለች። የራዲያተሩን ውሃ ታያለች፤ የዘይቱን መለኪያ መዝዛ በጨርቅ ጠርጋ መልሳ ታጠልቃለች። ጎማዎቹን አየራቸውን የምትለካው ከመነሳቷ በፊት ነው፤ ጎማ መንገድ ላይ ሲግል አየሩ ስለሚያብጥ ልኩ የሚታወቀው ጠዋት ብቻ ነው። በጋ ሲገባ ደግሞ የኮረኮንቹ አቧራ አያድርስ ነው፤ የአየር ማጣሪያውን ከኮፈኑ ሥር አውጥታ ደጃፍ ላይ ታራግፋለች። የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ወፍራም ጨርቅና ለራዲያተር የሚሆን ውሃ የሞላ ጀሪካን ሁልጊዜ አለ። ቁልቁለቱን ስትወርድ ማርሹን ዝቅ አድርጋ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ታደርጋለች እንጂ ፍሬን ላይ ቆማ አትወርድም። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የምታቆማት ከግራሩ ሥር ነው። ጥላው ሲዞር ወጥታ ታዞራታለች፤ ዘበኛው «ሲስተር ጥጃዋን አሰረቻት» እያለ ይስቅባታል።

የመሪጌታ ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። መንዳቱን አልፈለጉትም፤ ጆሯቸው ግን የዜማ ጆሮ ነው። በገዛች በሁለተኛው ወር አብረዋት ሲሄዱ ድንገት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ብርቄ፣ ይህች መኪና እስከ ዛሬ በግዕዝ ነበር የምትዘልቀው። አሁን አራራይ ጀምራለች።»

«መኪና ዜማ የለውም፣ ክንድዬ።»

«አለው። ቀጭን ሆኗል። ሽቅብ ያለቅሳል።»

ለማስደሰት ያህል እንየው ዘንድ ወሰደቻት። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ እነሱ ቺንጊያ የሚሉት፣ ላልቶና ተሰነጣጥቆ ሊበጠስ ደርሶ አገኘው። መሪጌታ አላሾፉም፤ አልኮሩምም። «ዜማ ከተበላሸ መምህሩ መስማት አለበት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብርቄ ባሏን አብረዋት በተጓዙ ቁጥር «ዛሬስ?» ብላ ሳትጠይቃቸው አትቀርም።

እንዲህ እያለች ከርማ ነው የትዝታ ሠርግ የመጣው።

ትዝታ በጤና ጣቢያው መድኃኒት የምታድል ልጅ ናት። ባለፈው ሚያዝያ፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ በረከት የሚባል የንፋስ መውጫ መምህር ልታገባ ሆነ። የወላጆቿ ቤት ከጤና ጣቢያው ትንሽ እልፍ ብሎ ነው፤ ሙሽራው ከላይ ወርዶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሙሽራይቱን ይዞ ወደ ንፋስ መውጫ ይወጣል። አንድ ቀን ትዝታ መድኃኒት ክፍሉን ቆልፋ ወደ ብርቄ መጣች።

«ሲስተር፣ እኔ የምወጣው በእርስዎ መኪና ነው። ሌላ አልፈልግም።»

«ምነው? ከተማ ሙሉ አዲስ መኪና እያለ?»

«አዲሱን አላውቀውም። የእርስዎን ግን ጠዋት ጠዋት ስትወርድ ሳያት ልቤ ደስ ይለዋል።»

ብርቄ እንባዋ መጣ። «እሺ፣ ልጄ» አለች፤ በዋዜማውም መኪናዋን ይዛ እንየው ዘንድ ሄደች። እንየው ከጎማ እስከ ጎማ አያትና «ሁሉም ደህና ነው» አላት። «ግን ሲስተር፣ ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ጭነት አለ፣ ዳገት አለ። የሙቀቱን መርፌ እንዳይረሱት።»

«አልረሳውም» አለችው።

በማግሥቱ ሙሽራውን ይዘው ሲወርዱ መንገዱ ቀና ነበር። ሙሽራይቱ ቤት ዳሱ ተጥሏል፣ ከበሮው ይመታል። ብርቄ መኪናዋን ከጥላ ሥር አቁማ ልትመረምራት አስባ ነበር፤ ነገር ግን የትዝታ እናት እጇን ይዘው እየጎተቱ አስገቧት። በላች። ጠላ ሲቀዳላት «መሪ ይዣለሁ» ብላ ብርጭቆውን ከደነች፤ ብርዝ አመጡላት። ስታወጋ ስትስቅ ጊዜው ነጎደ። ከዚያ የመጀመሪያው ሚዜ ምንይችል ዳሱ ውስጥ አንገቱን አስገባ።

«እትዬ ብርቄ! ይምጡና ይዩልኝ!»

ወጥታ አየች። መኪናዋ ሙሽራ ሆናለች። ከጣሪያዋ እስከ ኮፈኗ ነጭና ቀይ ሪባን፣ በፊቷ ላይ ደግሞ፣ ከመብራት እስከ መብራት፣ በልብ ቅርጽ የተሰካ የአበባ ምንጣፍ። ምንይችል ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ብርቄ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ይህች የአቧራ መኪና እንዲህ ታምራለች ብላ አስባ አታውቅም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳቻት፤ ራሷም አጠገቧ ቆማ ተነሣች። በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ኮፈን የመክፈት ነገር ከሐሳቧ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ተነሡ። ብርቄ መሪዋን ይዛ፣ መሪጌታ ከጎኗ እንደ ሽማግሌ ተቀምጠው፣ ከኋላ ሙሽሮቹና ምንይችል። ሌላው ሰርገኛ በሁለት ጭነት መኪና ከነከበሮው ተከተለ። ክላክሱ፣ እልልታው፣ ዘፈኑ ሸለቆውን ሞላው። ፀሐዩ ጠርሙስ ያቀልጣል። ዳገቱ ተጀመረ።

መሃል ላይ መሪጌታ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ብርቄ፣ ድምፁ ተለወጠ።»

«የክላክሱ ነው፣ መሪጌታ።»

«የለም፣ የሞተሩ ነው። ደክሞታል። ያለከልካል።»

ብርቄ ዓይኗን ወደ ሙቀቱ መርፌ ወረወረች። መርፌው ሁልጊዜ ከሚቆምበት ከመሃል ተነሥቶ ወደ ቀዩ እየወጣ ነው። ወዲያው የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«መስኮቱን በሙሉ ክፈቱ!»

ትኩስ ንፋስ እንደ እቶን በፊታቸው ላይ ተነፈሰ። «እትዬ ብርቄ!» አለ ምንይችል ከኋላ፣ ከረባቱን እየፈታ፤ «በዚህ ፀሐይ ማሞቂያ?»

«የሞተሩን ትኩሳት ወደኛ እየሳብኩለት ነው። ዝም ብለህ ላብህን ጥረግ!»

መርፌው ጥቂት ቆመ፤ ግን አልወረደም። ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ብቅ ሲል፣ ብርቄ መንገዱ ዳር አንዲት ትልቅ ወይራ ካለችበት ሜዳማ ቦታ ላይ አቆመችና ሞተሩን አጠፋች። ከኋላ የመጡት መኪኖች ቆሙ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ምንይችል ተስፈንጥሮ ወረደ፤ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ።

«እጅህን!»

ብርቄ የጮኸችው ማዋለጃ ክፍል በር ላይ በሚተራመሱ ባሎች ላይ በምትጮኸው ድምፅ ነው። ምንይችል እጁ አየር ላይ ደረቀ።

«ያ ክዳን አሁን ቢከፈት የፈላው ውሃ ፊትህን ይልጠዋል። ሙሽሮቹን ነው የምንድረው ወይስ አንተን የምናስታምመው? ራቅ በል!»

ራቅ አለ። ያኔ ብርቄ ወደ መኪናዋ ፊት ዞራ አበባውን አየችው። ንፋስ ወደ ራዲያተሩ የሚገባበት ወንፊት በሙሉ፣ አንዲት ቀዳዳ ሳትቀር፣ በዚያ በሚያምር ልብ ተደፍኗል። ቀደም ብላ ቆማ ፎቶ የተነሣችው እዚሁ ላይ ነው።

«ምንይችል» አለች ቀስ ብላ፤ «ይኼ አበባ ባፍህና ባፍንጫህ ላይ ቢለጠፍ ይህን ዳገት ትወጣዋለህ?»

ሰርገኛው ሳቀ፤ ልጁ ግን ፊቱ ቀላ። እሷም በልቧ ከእሱ ይልቅ በራሷ ነው የተናደደችው፤ ምክንያቱም ያላየችው ነገር አይደለም፣ አይታ የወደደችው ነው። ከኋላ ጀሪካኗን ልታወጣ ብትከፍት፣ በጀሪካኑ ቦታ ሁለት ትላልቅ ድፎ ዳቦ በሰፌድ ተቀምጠዋል።

«ጀሪካኔስ?»

«ዳቦው አልገባ ብሎ… ሙሽራዋ ቤት በር ላይ…» አለ ምንይችል፣ መሬት መሬት እያየ።

ስልክ ለመደወል ሞከሩ፤ ኔትወርክ የለም። ንፋስ መውጫ ላይ ሰው ሁሉ ዳስ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ብርቄ አንገቷን ደፍታ ወደ ሙሽራይቱ ሄደች።

«ትዝታዬ፣ ይቅር በይኝ። ቀንሽን አበላሸሁብሽ።»

ትዝታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከመኪናው አውጥታ ነበር። ግንባሯ ላይ ላብ ይንቆረቆራል፤ ዓይኗ ግን ይስቃል።

«ሲስተር፣ ከነጋ ጀምሮ አትሳቂ፣ አታልቅሺ፣ ቀና በይ፣ ዝቅ በይ እየተባልኩ ነው። እዚህ ዳገት ላይ ያስቆመን እግዜር ነው። እባክዎ ከዚያ ጥላ ሥር ልቀመጥ።»

በረከት ኮቱን አውልቆ ከወይራዋ ሥር አነጠፈላት። በዚህ መሃል የመንደሩ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። እርሻ የሚደግም ገበሬ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አቁሞ፣ ጅራፉን ይዞ መጣ። ከታች ከምንጩ ደግሞ ሐረገ ወይን የሚባሉ አሮጊት፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ያዘለች የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ደረሱ። ገበሬው ጀሪካኑን ተቀብሎ ሞተሩ ላይ ሊደፋው ሲል ብርቄ መንገዱን ዘጋችው።

«ወንድሜ፣ የጋለ ሸክላ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፉበት ምን ይሆናል?»

«ትር ብሎ ይሰነጠቃላ!»

«ይኼም ያው ነው። ራሱ በርዶ እስኪመለስ እንጠብቀዋለን።»

«እስኪበርድ ምን ሊደረግ ነው?» አለ ከሰርገኛው አንዱ፣ ሰዓቱን እያየ።

ሐረገ ወይን ሙሽራይቱን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ጭነት መኪናው ላይ ያለውን ከበሮ አዩ።

«ምን ሊደረግ ነው ትላለህ? ይዛችሁ የመጣችሁት ሠርግ አይደለም እንዴ?» አሉና ነጠላቸውን አደግድገው፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አወረዱት፤

«በቅሎ እንኳ ይደክማል ዳገቱን ሲያገኘው፣
የሙሽሪትን ውበት ሞተሩ መች ቻለው!»

እልልታው ከወይራዋ ላይ ወፎቹን አስነሣ። ከበሮው ወረደ። ከመንደሩ ሴቶች መጡ፣ ልጃገረዶች መጡ፣ ከማዶ ያሉት ሳይቀሩ እየሮጡ ደረሱ። ትዝታ ባዶ እግሯን ተነሥታ ስትገባበት፣ በጠዋቱ «ቀና በይ» ያሏት ሚዜዎቿ ተከትለዋት ትከሻቸውን ፈቱ። ገበሬው ጅራፉን በከበሮው ምት ያጮኸዋል። ድፎ ዳቦዎቹ እዚያው ተባርከው ተቆረሱ፤ ከመንደሩ ጠላ በእንስራ መጣ። መሪጌታ መጀመሪያ ከጥላው ዳር ቆመው ያጨበጭቡ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን አካላቸው እንደ ወረብ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ። ብርቄ አየቻቸውና ሳቋን መያዝ አቃታት።

እሷ አልጨፈረችም። ከመኪናዋ አልራቀችም፤ በየመሃሉ እየመጣች፣ የሕፃን ትኩሳት እንደምታይ በእጇ ጀርባ ቱቦውን ነካ እያደረገች ትመለሳለች። ትኩስ ነው። አሁንም ትኩስ ነው። አሁን ለብ ብሏል። ከዚያ ወፍራሙን ጨርቅ አጣጥፋ ክዳኑ ላይ አደረገችና ጥቂት ብቻ አላላችው። እንፋሎቱ ስስ አድርጎ ተነፈሰና ዝም አለ። ክዳኑን አወለቀች፤ ሞተሩን አስነሣች፤ በየመሃሉ እየተመለሰች መርፌውን እያየች የሐረገ ወይንን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አፈሰሰች። መርፌው ወርዶ ከቦታው ተቀመጠ።

ልክ በዚያች ሰዓት ከላይ አንድ ሚኒባስ አቧራውን እያጤሰ ወረደ። የሙሽራው አባት ናቸው፤ አደጋ ደርሷል ብለው ፊታቸው ዓመድ መስሏል። ዘለው ሲወርዱ ያዩት ጭፈራ ነው።

«እኛ እዚያ ልባችን ተሰቅሎ፣ እናንተ እዚህ ትደልቃላችሁ?» ብለው ጮኹ።

ትዝታ ከክቡ ወጥታ፣ በአቧራማ እግሯ ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች። ሰውዬው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አነሷት፤ ለመቆጣት የከፈቱት አፍ ሳይከደን እንባቸው ወረደ፣ እንባቸው ሳይደርቅ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ሐረገ ወይን ስለ እሳቸውም ግጥም አወረዱላቸው።

ምንይችል ሞተሩ ሲበርድ ሳለ፣ ማንም ሳያዘው፣ የአበባውን ልብ ከመኪናዋ ፊት ነቅሎ ነበር። አሁን አበባውን ለመንደሩ ሴቶች አደለ፤ ሐረገ ወይን ቀዩን ተቀብለው ሻሻቸው ላይ ሰኩት። የቀረውን ሪባን ይዞ ወደ እርሻው ወረደና በበሬዎቹ ቀንድ ላይ አሰረው። በሬዎቹም ሠርገኛ መስለው ቀሩ።

«እኔ ከኋላ በጭነቱ እመጣለሁ» አለ፤ «ክብደት እንዲቀልላት።»

ቀሪውን ዳገት ብርቄ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳትቸኩል ወጣችው። ነፋሱ ባዶውን የመኪናዋን ፊት እያገኘ ይገባል። መሪጌታ ያዳምጣሉ።

«ዛሬስ?» አለቻቸው።

«ግዕዝ» አሉ፤ «ጥርት ያለ ግዕዝ።»

ንፋስ መውጫ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በር ላይ የቆመው ሁሉ የሙሽራይቱን ቀሚስ ጫፍ አቧራ፣ የሙሽራውን ኮት ሣር እያየ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ በረከት ቀደመ፤ «አንድ ሠርግ ጨርሰን ነው የመጣነው። ይኼ ሁለተኛው ነው!»

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ እስከ እስቴዋ ከተማ እስከ መካነ ኢየሱስ ደረሰ ይባላል። ከእስቴ አንዲት የማታውቃት ሙሽራ ለብርቄ ደወለችላት፤ «በዚያች በምታፈላው መኪና መዳር እፈልጋለሁ» ብላ። ብርቄ እየሳቀች ሕጓን ነገረቻት፤ አበባ ከጣሪያ ላይ የፈለጉትን ያህል፣ ከፊት ግን አንዲት ቅጠል የለም። ጀሪካኗን የነካ ሚዜ በእግሩ ይሄዳል። ክዳን የምትከፍተው እሷ ብቻ ናት። ሙሽራይቱ በሁሉም ተስማማች፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ካላፈላችም መንገድ ላይ ትንሽ ያቆሙልናል?»

ከሠርጉ በኋላ ባለው እሑድ ብርቄ ከቅዳሴ ወጥታ መኪናዋን አጠበች። የሙሽራይቱ ሂና በወንበሩ ላይ ትንሽ ቀለም ጥሏል፤ አሸችው፤ አልለቅ ሲላት ተወችው። መሪጌታ መጽሐፋቸውን ይዘው ከቤት ሲወጡ በሩን ከፈተችላቸው።

«ግቡ።»

«ወዴት ነው? የታመመ አለ?»

«የታመመ የለም።»

«ገበያ?»

«ገበያም አይደለም።»

«ታዲያ የት?»

«የትም።»

መሪጌታ ገብተው መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የትም የሚባለው አገር በየት በኩል ነው?» አሉ።

«በዚህ በኩል» አለች ብርቄ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ መሪውን ወደ ለስላሳው አስፋልት አዞረችው።